የከተሞቻችን ቁስል ይሽር ይሆን?
ኤች.አይ.ቪን በታላላቅ ከተሞች ስለ መቈጣጠር



በአዲስ አበባ የኖረ ሰው የ1990ዎቹን ማብቂያ አይረሳም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የዕድር ጡሩንባ ሳይነፋበት ሳምንት የማያልፍ ሰፈር ብዙ ነበር። ለቀብር የሚወጣው ሕዝብ የሚሸኘው ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌዎችን ሳይሆን ገና ትዳር የያዙ ጐልማሶችንና ሕፃን ያዘሉ እናቶችን ነበር። ወላጅ ልጁን ቀብሮ የልጅ ልጁን ይዞ ይመለስ ነበር። የሞቱ ምክንያት ሲጠየቅ ግን “ሳንባ ነው”፣ “ወባ ነው”፣ “ምች ነው” ይባል ነበር እንጂ እውነተኛ ስሙን የሚጠራ አልነበረም።

ከ2001 ጀምሮ ተመራማሪዎች በከተማይቱ መካነ መቃብሮች የሚፈጸመውን ቀብር መመዝገብና ቤተ ዘመድን እየጠየቁ የሞቱን ምክንያት ማጥናት ጀመሩ። ጥናቱም በጕልምስና ዕድሜ ከሚሞቱት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡትን የሚገድለው ኤድስ መሆኑን አሳየ። በጃንዋሪ 2005 ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ያው የመቃብር መዝገብ ሌላ ታሪክ ተናገረ፤ በኤድስ የሚሞቱት ጐልማሶች ቍጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ይህን የምናነሣው ያለፈውን ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ብዙ ደጋፊዎቻችን “ኤድስ እኮ አለፈ፤ አሁን ስለ እርሱ የሚናገር የለም፤ ታዲያ እናንተ ስለ ምን ትደክማላችሁ?” እያሉ ይጠይቁናል። ሌሎች ደግሞ “ይህ በሽታ መቼም አይጠፋም፤ ገንዘባችን ውኃ ይበላዋል” ይላሉ። ሁለቱም አሳብ ትክክል እንዳልሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ወረርሽኙ አላለፈም፤ ነገር ግን ሊገታ ይችላል። የሚገታበት ወይም እንደ ገና የሚነሣበት ዋናው ቦታ ከተማ ነው።

በሽታው ስለ ምን በከተማ በረታ?

በኢትዮጵያ የቫይረሱ መኖር የታወቀው በ1984 በተቀመጠ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ተገኙ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ወረርሽኙ የከተማና የአውራ ጐዳና በሽታ ሆኖ ቈይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ መካከለኛ ክፍል ለቅድመ ወሊድ ምርመራ ከሚመጡት ወጣት እናቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ቫይረሱ በደሟ ይገኝ ነበር። በ2016 በመላው አገሪቱ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው መካከል ቫይረሱ ያለባቸው በገጠር 0.4 ከመቶ፣ በከተማ 2.9 ከመቶ፣ በአዲስ አበባ 3.4 ከመቶ ነበሩ። ይኸውም የከተማው ከገጠሩ በሰባት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ምክንያቱ የከተማ ሰው ከገጠር ሰው ይልቅ ኃጢአተኛ ስለ ሆነ አይደለም። እንዲህ ብለን ብንፈርድ ነገሩን አልተረዳነውም። ከተማ ብዙ ሰው የሚገናኝበት፣ ብቸኝነት የሚበዛበት፣ ኑሮም የሚከብድበት ስፍራ ነው።

አንዲት ልጅ እናስብ። ምሳሌ ናትና ስም አንሰጣትም፤ የሚመስሏት ግን ብዙ መሆናቸውን በከተማ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከገጠር መጥታ አውቶቡስ ተራ ትወርዳለች። ደላላ ይቀበላትና የቤት ሠራተኛ ሆና ትቀጠራለች። ከወራት በኋላ ከአሠሪዎቿ ጋር ሳትስማማ ሌሊት በር ይዘጋባታል። ዘመድ የላትም፤ የቤት ኪራይ አትችልም። ከዚያ በኋላ መጠጊያ የሚሰጣት ወንድ ማን እንደ ሆነ፣ ከእርስዋ በፊት ከማን ጋር እንደ ኖረ የመጠየቅ ዐቅም የላትም። “ተመርመር” ለማለትም ሆነ “እምቢ” ለማለት አንደበት የሚሰጠው የራስ እንጀራና የራስ ቤት ነው። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በብዛት የሚያዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2017 እና በ2018 በኢትዮጵያ ከተሞች ብቻ የተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 4.1 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 1.9 ከመቶ ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳይቷል።

ሦስቱ በሮች

ዛሬ ወረርሽኙን ስለ መግታት በተስፋ የምንናገረው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተገኘ አንድ ታላቅ እውቀት ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱ ሕመምተኛውን ከሞት ከማዳን አልፎ በሽታው ወደ ሌላ ሰው እንዳይሻገር የሚያደርግ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ የሚራባው በሽታን የሚከላከሉትን የደም ሴሎች እየወረረ ነው። መድኃኒቱ ይህን መራባት ይከለክላል። ሰውዬው በየቀኑ ሳያቋርጥ ከዋጠ በጥቂት ወራት ውስጥ በደሙ ያለው ቫይረስ እጅግ አንሶ የላቦራቶሪ መሣሪያ እንኳ ሊቈጥረው እስከማይችል ይደርሳል። በ2011 ይፋ የሆነው፣ አንደኛው ወገን ቫይረሱ ያለበት ሌላው ደግሞ የሌለበት 1,763 ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ መድኃኒቱን ቀድሞ መጀመር ወደ ትዳር ጓደኛ መተላለፉን በ96 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶችም ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው እንደማያስተላልፍ አረጋገጡ። በዚህም የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ የጤንነቱ ሁኔታ ምንም ቢሆን፣ ወዲያው መድኃኒት እንዲጀምር መከረ።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉ መድኃኒት ቢወስዱና የቫይረሱ መጠን ቢወርድ አዲስ የሚያዘው ሰው እጅግ ጥቂት ይሆናል። ወደዚህ ለመድረስ ግን እያንዳንዱ ሰው በሦስት በሮች ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው በር ተመርምሮ ራስን ማወቅ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት መጀመር ነው። ሦስተኛው ሳያቋርጡ ወስዶ የቫይረሱን መጠን ማውረድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ድርጅት እስከ 2025 በእያንዳንዱ በር ከመቶ 95 ሰው እንዲያልፍ ግብ አስቀምጦ ነበር። ይህ ቢሳካ ቫይረሱ ካለባቸው ከመቶው ሰዎች 86ቱ በሦስቱም በር ያልፋሉ።

የእኛስ ከተሞች የት ነበሩ? ከላይ የጠቀስነው የከተሞች ጥናት ይህንንም መርምሯል። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 79ኙ ራሳቸውን ያውቁ ነበር። ከእነዚህ 77 ያህሉ መድኃኒት ላይ ነበሩ። ከእነዚህም 67 ያህሉ የቫይረሱን መጠን አውርደው ነበር። ይህን ቍጥር አንባቢ በማስተዋል ይመልከተው። ሰዎቻችን የሚቀሩት በሁለተኛው በር አይደለም፤ ራሱን ያወቀ ሰው ከሞላ ጐደል ሁሉ መድኃኒት ይጀምራል። ብዙዎቹ የሚቀሩት በመጀመሪያው በር ላይ ነው፤ ከመቶ 21 ሰው ሳያውቅ ይኖራል። ከዚያም አሥር ያህሉ ከጀመሩ በኋላ በሦስተኛው በር ይቀራሉ። ድካማችንን በየትኛው ስፍራ ማዋል እንዳለብን የሚነግረን ይህ ነው።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

በዲሴምበር 2014 ከ20 የሚበልጡ የዓለም ታላላቅ ከተሞች ሹማምት በፓሪስ ተሰብስበው ወረርሽኙን በየከተማቸው ለመግታት ቃል ገቡ፤ በኋላም በመቶ የሚቈጠሩ ሌሎች ከተሞች ተከተሏቸው። አሳቡ ቀላል ነበር፤ ከተማ በሽታው የተከማቸበት ስፍራ ከሆነ ሐኪሙ፣ ጤና ጣቢያው፣ ጋዜጣውና የእምነት ተቋሙም የተከማቹት በዚያው ነው። ርቀቱ አጭር ነው፤ ሥራውም በቅርብ ሊታይና ሊለካ ይችላል።

ሳን ፍራንሲስኮ የወረርሽኙን መከራ ቀድማ የቀመሰች ከተማ ናት። በ1983 በአንድ የሕዝብ ሆስፒታሏ የተከፈተው የኤድስ ሕሙማን ክፍል ዝነኛ የሆነው ነርሶቹ ያለ ፍርሃት ሕሙማኑን በእጃቸው ይነኩ፣ ያቅፉም ስለ ነበር ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነበር። በ1992 በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,000 የሚበልጡ አዳዲስ ሰዎች ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ነበር፤ በ2018 ግን ቍጥሩ ከ200 በታች ወረደ። ከተማይቱ ያደረገችው ምርመራውን ማስፋት፣ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው በዚያው ቀን ወይም በቀናት ውስጥ መድኃኒት ማስጀመርና ከሕክምና የጠፋውን እየፈለጉ መመለስ ነበር። መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች ግን ውጤቱ እንደ ሌሎቹ አልሆነም። ቤት የሌለው ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ስፍራ እንኳ የለውምና።

ለንደን ሌላ ምሳሌ ናት። በዚያች ከተማ ቫይረሱ ካለባቸው መካከል ከአፍሪካ የሄዱ ብዙዎች ይገኙባቸዋል። ሦስቱንም 95 ከ2020 በፊት ከደረሱት የዓለም ከተሞች አንዷ ለመሆን በቅታለች። በዚህ ሳትረካ ከ2022 ጀምሮ በሆስፒታሎቿ ድንገተኛ ክፍል ደሙ የሚቀዳ ጐልማሳ ሁሉ “አልፈልግም” ካላለ በቀር የኤች.አይ.ቪ ምርመራም እንዲደረግለት አደረገች። በዚህ መንገድ ራሳቸውን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ተገኝተዋል። ምርመራው ለሁሉ ሲሆን ማንም በተለይ የተጠረጠረ አይመስለውም፤ ስለዚህ ኀፍረቱ ይቀላል። ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፤ ሰውን ወደ መጀመሪያው በር የሚያመጣው ማስፈራራት ሳይሆን ምርመራን የዕለት ተዕለት ነገር ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ያለ ሥራ አልተቀመጥንም። በሚሌኒየሙ መባቻ በተደረገው ዘመቻ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተመርምሯል። ፈቃደኛ እናቶች ሌሎች እናቶችን እየመከሩ ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ልጆች እንዲወልዱ ረድተዋል። ያለ ሕክምና ከሆነ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱት ልጆች ከመቶ ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት ይያዛሉ፤ እናቲቱ መድኃኒቷን በሚገባ ከወሰደች ግን ከመቶ ከአምስት በታች ይሆናል። የቫይረሱ መጠን የወረደላቸው ሕሙማንም በየወሩ መመላለሳቸው ቀርቶ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተደርጓል። ይህ ለቀን ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪም ቤት የዋለበት ቀን እንጀራ ያልበላበት ቀን ነውና።

የመድኃኒቱም ዋጋ ተአምር በሚባል ሁኔታ ወርዷል። በ2000 ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት መድኃኒት ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። በ2001 አንድ የህንድ ኩባንያ በ350 ዶላር ለማቅረብ ተነሣ። በ2023 ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠው፣ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ያሉበት ኪኒን ለድኻ አገሮች በዓመት ከ45 ዶላር በታች ሆነ።

አዲስ የመጣው መከላከያ

የመከላከያ ክትባት እስካሁን አልተገኘም፤ በ2020 እና በ2023 ታላላቅ ሙከራዎች ውጤት ሳይሰጡ ቆመዋል። ነገር ግን ቫይረሱ የሌለበትን ሰው የሚጠብቅ መድኃኒት አለ። ከ2012 ጀምሮ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነበር። በ2024 ደግሞ ሌናካፓቪር የሚባል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ መርፌውን ከወሰዱት ከ2,000 በላይ ሴቶች አንዲቱም እንዳልተያዘች ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በጁላይ 2025 ይህ መርፌ ጥቅም ላይ እንዲውል መክሯል፤ ከ2027 ጀምሮም ለብዙ ድኻ አገሮች በዓመት ወደ 40 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ እንዲቀርብ ስምምነት ተደርጓል።

ይህን ስንሰማ ያችን ከገጠር የመጣች ልጅ እናስባት። በየቀኑ ኪኒን ብትውጥ አብሯት የሚኖረው ሰው “ምንድን ነው የምትውጪው?” ይላታል። በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ግን ከማንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ራሷን ልትጠብቅ ትችላለች።

ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ “ይህ ለዝሙት ፈቃድ መስጠት አይሆንም ወይ?” ብለው እንደሚያዝኑ እናውቃለን። በመታቀብና በትዳር መጽናት መልካምነት የምናምነው እምነት አልተለወጠም። ነገር ግን በታማኝነት የምትኖር ሚስት ከባልዋ ስትያዝ ያየን ሰዎች ነን፤ የእርስዋ መታመን ብቻውን አላዳናትም። የወደቀችውም ብትሆን በሕይወት ከቈየች ለመነሣት ዕድል አላት፤ ለሞተ ሰው ግን ንስሐ መስበክ አይቻልም።

የቀሩት እንቅፋቶች

ተስፋ አለ ስንል መንገዱ ቀና ነው ማለታችን አይደለም።

አንደኛው እንቅፋት የከተማ ሰው መዛወሩ ነው። ከ2024 ጀምሮ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሥራ የተነሣ ብዙ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ተዛውሯል። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው አሁን ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ይኖርበታል፤ ወይም ደግሞ በአዲሱ ሰፈር ሌላ ጤና ጣቢያ ገብቶ ታሪኩን ለማያውቀው ሰው እንደ ገና መናገር አለበት። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተደረገው ጦርነትም ብዙዎችን ከቤታቸውና ከሕክምናቸው ለይቷል። ቤቱን ያጣ ሰው ሦስተኛውን በር ያጣል።

ሁለተኛው ወንዶች ናቸው። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይመረመራሉ፤ ወንድ ግን ካልታመመ በቀር ሐኪም ቤት አይሄድም። ብዙ ባል በሚስቱ ውጤት ራሱን ይለካል፤ “እርስዋ ነጻ ከሆነች እኔም ነጻ ነኝ” ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ተይዞ ሌላው ሳይያዝ ለብዙ ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ሰው ሁሉ በራሱ ደም መመርመር አለበት።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በኢትዮጵያም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ሕይወት አድን የሆነው መድኃኒት እንዲቀጥል በኋላ ቢፈቀድም፣ ቤት ለቤት እየሄዱ የጠፉትን የሚፈልጉ፣ የሚመክሩና መዝገብ የሚይዙ ሰዎች ጐደሉ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ በመጋዘን ቢኖርም የጠፋውን የሚፈልግ ከሌለ የሦስተኛው በር ጠባቂ የለም ማለት ነው። የውጭ እጅ ሲታጠፍ አገሪቱ በራሷ ዐቅም መቆም እንዳለባት ሁላችንም ተምረናል። ያ እስኪሆን ግን የሚያልፉት ወራት ለሕመምተኛው ረጅም ናቸው።

በእኛ ቤት ስለ ተሠራው ስሕተት

አራተኛውን እንቅፋት ለብቻው የጻፍነው የራሳችን ስለ ሆነ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን በሽታ “የእግዚአብሔር ቍጣ ነው” ብለው ሰበኩ። ከዚህም የተነሣ የታመመው ሰው ከጉባኤ ሸሸ። በኋላ ብዙዎች ንስሐ ገብተው ሕሙማንን መጐብኘት፣ ወላጅ ያጡትን ማሳደግና ስለ ምርመራ ማስተማር ጀመሩ። ነገር ግን ሌላ ፈተና መጣ፤ ይኸውም “ተፈውሰሃል፤ መድኃኒትህን ጣል” የሚለው ቃል ነው።

ጸሎት እናምናለን። እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን። ስለዚህም ነው ይህን በግልጽ ለመጻፍ የምንደፍረው። መድኃኒቱን በሚገባ የወሰደ ሰው ሲመረመር “ቫይረሱ አይታይም” ይባላል። አይታይም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ቫይረሱ መድኃኒቱ በማይደርስበት ሁኔታ በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ አንቀላፍቶ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይነቃና ይራባል። ከዚያም ሰውዬው ሳያውቅ ለትዳር ጓደኛው ሊያስተላልፍ ይችላል። እየጀመሩ ማቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ከኤች.አይ.ቪ ተፈውሰዋል ተብሎ በሐኪሞች የተመሰከረላቸው እጅግ ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አብዛኞቹ ለካንሰር ሕመም የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ናቸው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ይህ ምክር ብዙ ሰው አድኗል ብለን እናምናለን። እኛም በየጉባኤያችን እንዲሁ በግልጽ ልንናገር ይገባናል። ጸሎቱ ይቀጥል፤ ኪኒኑም ይቀጥል። የሚጸልይለትን ሰው “ወደ ሐኪምህ ሂድ” የሚል አገልጋይ እምነቱ አነሰ አይባልም።

ስለ ጋብቻ ምርመራም አንድ ቃል እንጨምር። አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት ምርመራ መጠየቃቸው መልካም ነው። ነገር ግን ቫይረሱ የተገኘበትን ወጣት ምስጢር ማውጣት፣ ወይም “አንተ ከእንግዲህ አታገባም” ማለት ዛሬ የእውቀትም ድጋፍ የለውም። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድ ሰው ማግባት፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ልጆችንም መውለድ ይችላል። በማወቅና በመስማማት የሚገቡበት ትዳር ነው። ይህን ያልሰሙ ወጣቶች ግን ከመመርመር ይልቅ መሸሽን ይመርጣሉ፤ እንዲህም የመጀመሪያው በር በእጃችን ይዘጋል።

ተስፋው ምን ያህል ነው?

እንግዲህ “ይህ በሽታ በከተሞቻችን ይገታልን?” ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መገታት ማለት ከምድር መጥፋት ማለት አይደለም፤ ክትባትና ፈውስ እስኪገኝ ድረስ ይህን ተስፋ አንሰጥም። መገታት ማለት በየዓመቱ አዲስ የሚያዘው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ወረርሽኙ ራሱን መመገብ ሲያቅተው ነው። ይህ ሊሆን እንደሚችል ከተሞች በሥራ አሳይተዋል። በመላው ዓለም በ2024 ከቫይረሱ ጋር ይኖሩ የነበሩት ሰዎች 40.8 ሚሊዮን ሲሆኑ 31.6 ሚሊዮኑ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በ2004 በዓመት 2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይገድል የነበረው በሽታ በ2024 የገደለው 630,000 ሰው ነው። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ተይዘዋል። እሳቱ ወርዷል እንጂ አልጠፋም፤ ውኃ የሚያመላልሰው ሰው ከደከመው ተመልሶ ይነሣል።

በኢትዮጵያም ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ወገኖቻችን ወደ 600,000 ይጠጋሉ። የብዙዎቹ ሕይወት በየቀኑ በምትዋጥ አንዲት ኪኒን ላይ የቆመ ነው። ኪኒኗን እስከ ሰውየው የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ከሰዎች የተሠራ ነው፤ ከነርሷ፣ ከመካሪዋ፣ ከጐረቤት፣ ከዕድሩ ዳኛ፣ ከመጋቢው።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ታላቅ ነገር አይደለም። ራሳችሁን ያልመረመራችሁ እንደ ሆነ ከባለቤታችሁ ጋር ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ የአንድ ሽማግሌ በሰልፍ መቆም ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች የምትታከምበትን ቀን ስጧት፤ ብትለያዩም ሌሊት በር አትዝጉባት። ሰፈር የለወጠ ሰው ስታውቁ አዲሱን ጤና ጣቢያ አሳዩት፤ የታክሲውንም ሒሳብ ቻሉለት። መድኃኒት መዋጡን ያወቃችሁበትን ሰው ምስጢር እስከ መቃብር ጠብቁ። በጉባኤያችሁም ስለዚህ ነገር ሲጸለይ “ስለ ሕሙማን” ብቻ ሳይሆን ስሙ ተጠርቶ ይጸለይ፤ ስሙ ያልተጠራ በሽታ በጨለማ ይራባልና።

ለሥራው የምትልኩት ስጦታ ካለም የሚውለው ለዚህ ነው፤ ከሦስተኛው በር የቀረውን አንዱን ሰው ለሚፈልግ እግር። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን የፈለገው እረኛ ሥራውን በቍጥር አላመካኘም። እኛም በከተሞቻችን እየፈለግን ያለነው ያንን አንዱን ነው። ያች ከገጠር የመጣች ልጅ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ውጤቷን እየጠበቀች ተቀምጣ ይሆናል። ስትወጣ በበሩ የሚቆያት ሰው ማን ነው?